ጃኒ ሮዳሪ

ጃኒ ሮዳሪ (ኦክቶበር 23 ቀን 1920 እ.ኤ.አ. ወይም ጥቅምት 13 ቀን 1913 ዓ.ም. ተወልዶ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ወይም ሚያዝያ 6 ቀን 1972 ዓ.ም. ያረፈ) ኢጣሊያዊ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ፣ ጋዜጠኛና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በተለይ የሚታወቀው ለልጆች በጻፋቸው ተረቶችና ግጥሞች፣ እንዲሁም መምህራን በክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር ተረት እንዴት መፍጠር እንደሚችሉ በሚያስረዳው «የምናብ ሰዋስው» በተባለው መጽሐፉ ነው። በ1970 ለልጆች ደራስያን ከሚሰጡት ዓለም አቀፍ ሽልማቶች ትልቁ የሆነውን የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ተቀብሏል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልጅነት

ሮዳሪ የተወለደው በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንት ክፍለ ሀገር፣ በኦርታ ሐይቅ ዳር በምትገኘው የኦሜኛ ከተማ ነው። አባቱ ጁዜፔ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። በ1929 አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አባትየው በውኃ የተከበበች ድመት ለማዳን ወጥቶ ልብሱ በስብሶ ተመለሰ። ብርዱን ለማስለቀቅ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ሲሞቅ ልጁ አይቶታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አባትየው በሳንባ ምች ሞተ። ሮዳሪ ይህን ትዕይንት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ ተረት አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስታውሶታል፤ አንድ ቃል ከሰው ልብ ውስጥ የተቀበረ ትዝታን እንዴት እንደሚቀሰቅስ ለማሳየት የተጠቀመበት ምሳሌ ነው።

አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ማዳሌና ልጆቿን ይዛ በቫሬዜ አውራጃ ወደምትገኘው የትውልድ ቦታዋ ወደ ጋቪራቴ ተመለሰች። ሮዳሪ በ1931 ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ካህን የመሆን ዝንባሌ ስላልነበረው ትምህርቱን እዚያ አልጨረሰም። ከዚያ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተዛውሮ በ1937 በ16 ዓመቱ የመምህርነት ዲፕሎማ አገኘ።

በፋሺስት ዘመን መምህር

ሮዳሪ ወደ መምህርነት የገባበት ጊዜ ለትምህርት ቤቶች ክፉ ጊዜ ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት ከ1930 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ መንግሥት ያዘጋጀውን አንድ ዓይነት የማስተማሪያ መጽሐፍ ብቻ እንዲማሩ አድርጎ ነበር። ሮዳሪ ዲፕሎማውን ባገኘበት ዓመት የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ወርሮ ይዟት ነበር፤ መንግሥትም ይህን ወረራ በየትምህርት ቤቱ እንደ ታላቅ ድል ያስተምር ነበር። ልጆች የሚጠበቅባቸው መስማት፣ መድገምና መታዘዝ ነበር።

በ1937 እና 1938 መካከል ባለው ክረምት ወጣቱ ሮዳሪ ከናዚ ጀርመን ሸሽተው ኢጣሊያ የገቡ አይሁዳውያን ቤት ተቀጥሮ ልጆቹን ጣሊያንኛ አስተማረ። እሱም በበኩሉ ጀርመንኛ ተማረባቸው። ቤተሰቡ ኢጣሊያ ውስጥ መጠጊያ ያገኘ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን በ1938 የኢጣሊያ መንግሥት ራሱ በአይሁዳውያን ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ሮዳሪ በዚያው ወቅት የጀርመን ደራስያንን ሥራዎች ሲያነብ ኖቫሊስ ከተባለው ባለቅኔ አንድ አጭር ሐሳብ አገኘ። ሐሳቡ ሰው ለአስተሳሰብ ሥነ አመክንዮ እንዳለው ሁሉ ለምናብም የራሱ ሥርዓት ቢኖረው የፈጠራ ጥበብ ይገኝ ነበር የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ዕድሜ ልኩን አልተለየውም።

ከዚያ በኋላ ሚላን በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ለማጥናት ቢመዘገብም ሳይጨርስ አቋረጠ፤ በቫሬዜ አካባቢ በሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶችም አስተማረ። በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲጽፍ ገና ልጅ እንደነበረ፣ ለሥራው በቂ ዝግጅት እንዳልነበረውና ጥሩ መምህር እንዳልነበረ በግልጽ ተናግሯል፤ ተማሪዎቹ ግን እሱ ክፍል ውስጥ አልሰለቹም ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። ከእውነታም ሆነ ከትክክለኛ አስተሳሰብ ጋር የማይገናኙ የሚመስሉ አስቂኝ ተረቶች ይነግራቸው ነበር። ተረቶቹን የሚፈጥርባቸውን ዘዴዎችም «የምናብ ደብተር» ብሎ በሰየመው ማስታወሻ ላይ ይጽፍ ጀመር። በደብተሩ የሚመዘግበው ተረቶቹን ሳይሆን ተረቶቹ የተወለዱበትን መንገድ ነበር።

ጦርነቱና ጋዜጠኝነት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮዳሪ በጤና ምክንያት ከውትድርና ቀረ። በዚያ ዘመን ሥራ ለማግኘት የፋሺስት ፓርቲ አባል መሆን ግድ ስለነበር እሱም ተመዘገበ። ጦርነቱ ግን ሁለት የቅርብ ጓደኞቹን ገደለበት፤ ወንድሙ ቼዛሬም በጀርመን ካምፕ ታሰረ። እነዚህ መከራዎች አቋሙን ለወጡት። በ1944 የኢጣሊያ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ የፀረ ፋሺስት ትግሉን ተቀላቀለ።

ከጦርነቱ በኋላ ፓርቲው በጋዜጠኝነት አሠማራው። በ1947 ሚላን በሚታተመው «ሉኒታ» ጋዜጣ መሥራት ጀመረ፤ እዚያም ለልጆች የሚሆኑ አጫጭር ግጥሞችን በጋዜጣው ገጾች ላይ ያወጣ ጀመር። በ1950 ወደ ሮም ተዛውሮ ከዲና ሪናልዲ ጋር «ፒዮኒዬሬ» የተባለውን የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት መሠረተ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ስለነበር የኮሚኒስት ሰው ለልጆች መጻፉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶበታል። መጻሕፍቱም ለብዙ ዓመታት በፓርቲው ዙሪያ ካሉ አንባቢዎች ብዙም ሳይርቁ ቆዩ። በ1953 ማሪያ ቴሬዛ ፌሬቲን አገባ፤ ልጃቸው ፓኦላ በ1957 ተወለደች።

ዋና ዋና ሥራዎች

በ1951 የወጣው የቺፖሊኖ ታሪክ ስለ አንድ የሽንኩርት ልጅ የሚተርክ ነው። የቺፖሊኖ አባት የልዑል ሎሚን እግር ሳያውቅ በመርገጡ ወኅኒ ይወርዳል፤ ልጁም አትክልትና ፍራፍሬ በሆኑት ጌቶች ግፍ ላይ ይነሣል። መጽሐፉ ከሀገሩ ይልቅ በሶቪየት ኅብረት ታላቅ ዝና አገኘ፤ የካርቱን ፊልምና የባሌ ዳንስም ተሠርቶበታል።

በመላው ኢጣሊያ የታወቀው «ኤይናውዲ» የተባለው ትልቅ ማተሚያ ቤት መጻሕፍቱን ማሳተም ከጀመረ በኋላ ነው። በ1960 «በሰማይና በምድር ያሉ ግጥሞች»፣ በ1962 ደግሞ «ተረቶች በስልክ» ወጡ። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አቶ ቢያንኪ የተባለ የመድኃኒት ነጋዴ ከሳምንቱ ስድስት ቀን ከቤቱ ውጭ ይውላል፤ ልጁ ግን ያለ ተረት አትተኛም። ስለዚህ በየማታው ደውሎ አንድ ተረት ይነግራታል። የስልኩን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ስለሆነ ተረቶቹ አጫጭር ናቸው። የስልክ ቤት ሠራተኞችም ተረቱን ለመስማት ሥራቸውን ያቆማሉ።

በ1964 የወጣው «የስሕተቶች መጽሐፍ» በመምህራን ዘንድ ብዙ የተወያዩበት ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤት ስሕተት የሚታየው በቀይ ቀለም እንደሚሰረዝ ነውር ነበር። ሮዳሪ ግን ከስሕተት ተረት ይወጣል የሚል አቋም ነበረው። የሚያቀርበው ምሳሌ የጋርዳ ሐይቅን ስም በጣሊያንኛ ሲጽፍ አንዲት ትንሽ ምልክት ያለቦታዋ ያስገባ ልጅ ነው። በዚያች ምልክት ምክንያት «ሐይቅ» የሚለው ቃል «መርፌ» ሆነ። መምህሩ ስሕተቱን በቀይ ማረም ይችላል፤ ወይም ከልጆቹ ጋር ሆኖ ያ ታላቅ መርፌ የት እንደተተከለ፣ ማን እንደሚሰፋበት መጠየቅ ይችላል። ልጁ በሁለተኛው መንገድ ሥርዓተ ጽሕፈቱን አይረሳም፤ በስሕተቱም አይሸማቀቅም።

በ1966 የታተመው «ኬክ በሰማይ» የተጻፈው በሮም ዳርቻ፣ ትሩሎ በተባለው የሠራተኞች ሰፈር ከሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በመተባበር ነው። በታሪኩ አንድ ግዙፍ ነገር ከሰማይ በሰፈሩ ላይ ሲወርድ አዋቂዎች የጠላት መሣሪያ ነው ብለው ይሸበራሉ፤ ልጆቹ ግን ቀርበው ሲቀምሱት ኬክ ሆኖ ያገኙታል። ኬኩ የተገኘው ከከሸፈ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ነበር።

የማስተማር ዘዴው

ከማርች 6 እስከ 10 ቀን 1972 ድረስ የሬጆ ኤሚሊያ ከተማ አስተዳደር ሮዳሪን ከመምህራን ጋር አገናኘው። ከአፀደ ሕፃናት፣ ከአንደኛና ከሁለተኛ ደረጃ የመጡ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ መምህራን ተሰበሰቡ። ሮዳሪም ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸውን ዘዴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት አቀረበላቸው። ከዚህ ስብሰባ የወጣው «የምናብ ሰዋስው» በ1973 ታተመ፤ መታሰቢያነቱም ለሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ነው።

ዘዴዎቹ ውድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አይጠይቁም፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የሁለት ቃላት ጥምረት፦ አንድ ልጅ በሰሌዳው አንድ ገጽ ላይ ቃል ይጽፋል፤ ሌላው ልጅ የመጀመሪያውን ሳያይ በጀርባው ሌላ ቃል ይጽፋል። ለምሳሌ አንዱ «ውሻ»፣ ሌላው «ቁም ሣጥን» ቢጽፉ ክፍሉ ሁለቱን ማገናኘት አለበት። ውሻው በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው? ቁም ሣጥኑ የውሻው ነው? ወይስ ውሻው ቁም ሣጥን ተሸክሞ ይሄዳል? ከእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ተረት ይወለዳል። በሮዳሪ አስተሳሰብ አንድ ቃል ብቻውን ተረት አይፈጥርም፤ ሁለቱ ቃላት ደግሞ በዕለት ተዕለት ኑሮ የማይገናኙ መሆን አለባቸው።

ቢሆንስ? ብሎ መጠየቅ፦ ልጆቹ አንድ ከተማ ድንገት መብረር ቢጀምር ምን እንደሚሆን ይጠየቃሉ። መነሻው የማይሆን ነገር ቢሆንም ተከታዮቹ መልሶች አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዙ መሆን ስላለባቸው ልጁ በጨዋታ መልክ ምክንያትና ውጤትን ይማራል።

የታወቀ ተረትን ማደናገር፦ ልጆች ስለ ባለቀይ ቆቧ ልጅ የሚተርከውን ተረት በቃላቸው ያውቁታል። ሴት ልጅ፣ ጫካ፣ አበባ፣ ተኩላና አያት የሚሉ ቃላት ሲሰጧቸው ያንኑ ተረት ይደግማሉ። በስድስተኛነት «ሄሊኮፕተር» የሚል ቃል ሲጨመር ግን የለመዱት መንገድ ይዘጋና አዲስ መፈለግ ይጀምራሉ። ተረቶችን መቀላቀል፣ መገልበጥና ካበቁበት መቀጠልም ከዚህ ወገን ናቸው።

የፕሮፕ ካርዶች፦ ሩሲያዊው ተመራማሪ ቭላዲሚር ፕሮፕ በሀገሩ ተረቶች ውስጥ የሚደጋገሙ 31 ክንውኖችን ለይቶ ነበር። ሮዳሪ ከእነዚህ 20ዎቹን መርጦ እንደ መጫወቻ ካርዶች ተጠቀመባቸው። በካርዶቹ ላይ ክልከላ፣ ክልከላውን መጣስ፣ ከቤት መውጣት፣ አስማታዊ ስጦታ፣ ትግልና ድል የመሳሰሉት ይጻፋሉ። ልጆቹ በደረሳቸው ካርድ ላይ ተመሥርተው በየተራ ታሪኩን ይቀጥላሉ።

የዘዴዎቹ ዓላማ ከየክፍሉ ደራሲ ማውጣት አልነበረም። ሮዳሪ ልጁ ቃላትን እንደራሱ ንብረት እንዲጠቀምባቸው ይፈልግ ነበር። በአንድ መጽሐፍና በአንድ ድምፅ በሚመራ ትምህርት ቤት ውስጥ ያደገና ያስተማረ ሰው እንደመሆኑ፣ ዓለም አሁን ካለችበት በሌላ መልክ ልትሆን እንደምትችል ማሰብ የማይችል ልጅ በቀላሉ የሌላው ታዛዥ እንደሚሆን ያምን ነበር። ስለዚህ ተረት በእሱ ዘንድ ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን ራሱ ትምህርት ነው፤ ተራኪውም መምህሩ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ሮዳሪ ከ1958 ጀምሮ «ፓዬዜ ሴራ» በተባለው የሮም ጋዜጣ ሠርቷል። ከ1968 እስከ 1977 ድረስ «የወላጆች ጋዜጣ» የተባለውን መጽሔት በዋና አዘጋጅነት መርቷል። በየትምህርት ቤቱም እየዞረ ከልጆችና ከመምህራን ጋር ይገናኝ ነበር። በ1978 ያሳተመው «ባሮን ላምቤርቶ» የተባለ ልብ ወለድ የሚፈጸመው በተወለደበት በኦርታ ሐይቅ ላይ፣ በሳን ጁልዮ ደሴት ነው። በኤፕሪል 1980 ሮም ውስጥ የእግር ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በ59 ዓመቱ አረፈ፤ ቬራኖ በተባለው የመቃብር ስፍራም ተቀበረ።

መታሰቢያ

በኢጣሊያ ብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። በኦሜኛ ከተማም በስሙ የተሰየመ የልጆች የምናብ መናፈሻ ይገኛል። 2703 የሚል ቁጥር ያላት አስትሮይድም ሮዳሪ ተብላለች። «የምናብ ሰዋስው» በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመ ሲሆን፣ ጥሩ መምህር አልነበርኩም ያለው ሰው በወጣትነቱ በደብተር የጻፋቸውን ጨዋታዎች መምህራን እስከ ዛሬ በክፍላቸው ይጠቀሙባቸዋል።