ራዘርፎርድና የግማሽ ዕድሜ ስሌት

ስለ ግማሽ ዕድሜ (ሃፍ ላይፍ) ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ለፈተና የሸመደድነው ቀመር ነው። እኔ ግን ዛሬ ከቀመሩ ጀርባ ስላለው ሰው፣ ስለ ኧርነስት ራዘርፎርድ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1871 ኒውዚላንድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ገበሬና የጋሪ ጎማ ሠሪ፣ እናቱ መምህርት ነበሩ። 12 ልጆች ካሉበት ቤት ወጥቶ በነጻ የትምህርት ዕድል ተማረ፤ በ1895 ካምብሪጅ ገባ፤ በ1898 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆን ገና 27 ዓመቱ ነበር።

እዚያ እያለ ከቶሪየም የሚወጣ ጋዝ ሲለካ አንድ ነገር አስተዋለ። የጋዙ ጨረር በአንድ ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሚቀጥለው ደቂቃ የቀረው እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። 800 የነበረው 400፣ 200፣ 100 እያለ ይሄዳል ማለት ነው። የትኛው አቶም መቼ እንደሚለወጥ ማንም አያውቅም፤ ብዙ ሆነው ሲቆጠሩ ግን ሰዓታቸውን አያዛንፉም። ይህን በ1900 አሳተመ፤ በ1908 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይህን ሕግ እንደ ሰዓት መጠቀሙ ነው። ታላቁ ሎርድ ኬልቪን በ1897 የምድርን ዕድሜ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገምተው ነበር። ራዘርፎርድ ግን በዐለት ውስጥ የተጠራቀመውን ሂሊየም አስልቶ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዕድሜ አገኘ።

ይህ ሰዓት ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጨፋ ሮቢት ያደግን ልጆች የምናውቀው የቦርከና ውኃ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። በዚያው በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር ላይ፣ ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1974 ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን በአካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ግማሽ ዕድሜው 1,250 ሚሊዮን ዓመት ነው። 3.2ን ለ1,250 ስናካፍል 0.00256 ይሆናል፤ ግማሽን በዚህ ፓወር ስናነሳ ደግሞ 0.9982 እናገኛለን። ስለዚህ ከ10,000 አቶሞች የተለወጡት 18 ብቻ ናቸው። ከነዚህም አብዛኞቹ ካልሲየም ሲሆኑ፣ አርጎን የሚሆኑት ሁለት ያህል ናቸው። የድንቅነሽን ዕድሜ የነገረችን ይህቺ ትንሽዬ አርጎን ናት!

ራዘርፎርድ በ1937 አረፈ፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቢ፣ ከኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ቀመሩን ከመሸምደዳችን በፊት ምን እንደሚቆጥር እንጠይቅ። ያኔ ፈተናውም ይቀለናል፣ አገራችንንም እናውቅበታለን።