ዡል ቬርንና አስፈሪው መምህሩ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲነሣ ከፊት ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የፈረንሳዩ ደራሲ የዡል ቬርን ነው። ሰው ጨረቃን ከመርገጡ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ባለ ታሪኮቹን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈ፣ በባሕር ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መርከብ በብዕሩ የሠራ ሰው ነው። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብዙ ያልተወራለት ጉዳይ፣ ቬርን ታሪክ አነጋገርን ከማን ተማረ የሚለው ነው። መምህሩ ሳይንቲስት አልነበረም። ጸጉር የሚያቆም ታሪክ በመጻፍ የታወቀው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ነበር። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬርን በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1828 ናንት በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበርና ልጁ ቢሮውን እንዲወርስለት ፈልጎ ሕግ እንዲያጠና ወደ ፓሪስ ላከው። ልጁ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ጥብቅናውን ግን እምቢ አለ። ልቡ ከቲያትር ቤት ነበር። ቲያትር ደግሞ እንጀራ አልሆን አለው። በ1857 ሁለት ሴት ልጆች ያሏትን ባሏ የሞተባት ሴት ሲያገባ የቤት ወጪ መጣ፤ ስለዚህ በአክሲዮን ገበያ ሥራ ያዘ። ማለዳ ተነሥቶ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ገበያው ይሄዳል።

ፖ በዚያን ጊዜ በሕይወት የለም። በ1849 ባልቲሞር ውስጥ በ40 ዓመቱ፣ ኑሮ ሳይሞላለት ሞቷል። ሆኖም ገጣሚው ቦድሌር ታሪኮቹን ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሰ ከ1856 ጀምሮ በመጽሐፍ ያወጣ ጀመር። ቬርን እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቅምና ፖን ያገኘው በዚህ ትርጉም ነው። የአስተርጓሚ ሥራ እንደ ቀላል ለሚታያቸው ይህ ጥሩ መልስ ይመስለናል።

ታዲያ ምን አገኘበት? አንዱን ታሪክ እንይ። ፖ በ1841 ባወጣው ታሪክ አንድ የኖርዌይ ዓሣ አጥማጅ ከነጀልባው በታላቅ የባሕር አዙሪት ይዋጣል። ከፍርሃቱ የተነሣ ጥቁር ጸጉሩ በአንድ ቀን ይነጣል። ነገር ግን ሰውዬው እየሰመጠም ያያል፣ ያወዳድራል። ትልልቁ ዕቃ ቶሎ ሲወርድ፣ የበርሜል ቅርጽ ያለው ቀስ እያለ እንደሚወርድ ያስተውላል። ራሱን ከውኃ በርሜል ጋር አስሮ ይዘላል፤ ይድናል። በጀልባው ላይ የቀረው ወንድሙ ይሰጥማል። ልብ በሉ፤ ይህ አስፈሪ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ የምልከታ ትምህርትም ነው።

ቬርን በ1864 ስለ ፖ ረዘም ያለ መጣጥፍ አሳተመ። አድንቆታል፤ ወቅሶታልም። ወቀሳው የፊዚክስን ሕግ ቢያከብር ኖሮ ታሪኩ ይበልጥ ይታመን ነበር የሚል ነው። ደቀ መዝሙር መምህሩን ሲያርም ማለት ነው!

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቬርን ኤትዜል ከተባለ አሳታሚ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ከዛንዚባር እስከ ሴኔጋል አፍሪካን በፊኛ ስለሚያቋርጡ ሰዎች የሚናገረው መጽሐፉ በ1863 ወጣለት። ኤትዜል ወጣቶችን የሚያስተምርና የሚያዝናና መጽሔት ያዘጋጅ ነበርና ከቬርን የሚፈልገው ጂኦግራፊ፣ ጂኦሎጂ፣ ሥነ ፈለክ ነው። ስለ ወደፊቷ ፓሪስ የጻፈውን ጨለማ የበዛበት ድርሰት ግን አልቀበልም ብሎ መለሰበት። ያ ድርሰት የታተመው በ1994 ነው!

ነገሩ እኛን እጩ መምህራንን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ለሕፃናት አስፈሪ ተረት ይነገር ወይስ አይነገር የሚል ክርክር በመካከላችን አለ። የጅቡና የጭራቁ ተረት ልጅ ያስበረግጋል የሚሉ አሉ። ቬርን ፍርሃቱን አልጣለውም፤ ትምህርቱን በላዩ ጫነበት። ከአማኑኤል ብዙ ሳንርቅ ምናለሽ ተራ ገብቶ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የአንዱ አሮጌ በርሜል ለሌላው ምድጃ ይሆናል። ተማሪው የዓሣውን ዝርዝር ታግሦ የሚያነበው መርከቡ ምን ይገጥመው ይሆን ብሎ ስለሚሰጋ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1869፣ የካፒቴን ኔሞ ታሪክ በተከታታይ መውጣት ጀመረ። መርከቡ ናውቲለስ በቀይ ባሕርም ያልፋል። መጨረሻው ላይ ያው የፖ የኖርዌይ አዙሪት ይመጣል። የሚገርመው ግን የፖ ዓሣ አጥማጅ እንዴት እንደ ዳነ አንድ በአንድ ሲያስረዳ፣ የቬርን ፕሮፌሰር እንዴት እንደ ዳነ አለማወቁ ነው። በዚህ ቦታ ሳይንቲስቱ ፖ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በ1872 የወጣው የ80 ቀን የዓለም ዙሪያ ጉዞም ሥሩ እዚያው ነው። ፖ በአንድ ቀልድ አዘል ታሪክ ልጅቷን ለመዳር የማይፈልጉ ሽማግሌ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት እሑድ ሲውል ትጋባላችሁ ይላሉ። ዓለምን አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ የዞሩ ሁለት ካፒቴኖች ይመጣሉ። ለአንዱ እሑድ ትናንት ነበር፣ ለሌላው ነገ ነው፣ ለቤተ ሰቡ ዛሬ። ሽማግሌው ተረቱ! የቬርን ፊሊያስ ፎግም ውርርዱን የተሸነፈ መስሎት ሲተክዝ፣ አሽከሩ ሠርግ ሊያዝለት ሄዶ አንድ ቀን እንዳተረፉ ደረሰበት። ሒሳቡ ለጥቁር ሰሌዳ የተመቸ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 4 ደቂቃ ይቀድማል፤ 360 ሲባዛ በ4፣ 1440 ደቂቃ፣ ማለትም 24 ሰዓት።

ቬርን ራሱ ግን ሁልጊዜ የፊዚክስን ሕግ አከበረ ማለት አይቻልም። ወደ ጨረቃ ሰዎችን የላከው 900 ጫማ በሚረዝም መድፍ ነው። በእንዲህ ያለ ፍጥነት ከመድፍ የተተኮሰ ሰው ገና አፈሙዙን ሳያልፍ ይጨፈለቃል።

በ1886 አእምሮው የታወከ የወንድሙ ልጅ በሽጉጥ እግሩን አቆሰለውና እስኪሞት አነከሰ። በዚያው ወር ኤትዜል ሞተ። ከዚያ ወዲህ ብዕሩ ጠቆረ። በ1892 የጻፈው ሙታን የሚዘፍኑበት ስለሚመስል የካርፓትያ ግንብ ነው፤ ጉዱ ሲገለጥ ግን የተቀዳ ድምፅና መስተዋት ሆኖ ይገኛል።

በመጨረሻም የዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፣ በ1897፣ ቬርን የመምህሩን ውዝፍ ሥራ አነሣ። ፖ በ1838 አርተር ጎርደን ፒም የተባለውን ባለ ታሪክ ወደ ደቡብ ዋልታ ልኮ፣ ግዙፍ ነጭ አካል ፊት አድርሶ፣ ታሪኩን ቆርጦት ነበር። ቬርን ተከታዩን ጻፈ። በእሱ መጽሐፍ በዋልታው የቆመው የማግኔት ተራራ ነው፤ ፒምም በጀርባው ባነገተው ጠመንጃ ብረት ተስቦ ተራራው ላይ እንደ ተጣበቀ ሞቶ ይገኛል። እንዲህ ያለ ተራራ በዋልታው የለም። ቬርን መጽሐፉን ያበረከተው ለፖ መታሰቢያ ነው። በማርች 24 ቀን 1905 አሚያን በተባለችው ከተማ በ77 ዓመቱ አረፈ።