ኦክታቪያ ሂል

ኦክታቪያ ሂል (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1838 – ኦገስት 13 ቀን 1912) እንግሊዛዊት የማኅበራዊ ለውጥ አራማጅ፣ የድሆች መኖሪያ ቤቶች አስተዳዳሪና የክፍት መሬቶች ተሟጋች ነበረች። ከሕግ ባለሙያው ሮበርት ሃንተርና ከቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ ጋር በ1895 ናሽናል ትረስት የተባለውን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መሥርታለች። ድርጅቱ ዛሬ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ሰፊ መሬት፣ የባሕር ዳርቻና ታሪካዊ ቤቶችን ለሕዝብ ጠብቆ ይዟል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ኦክታቪያ የተወለደችው በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ዊዝቢች ከተማ ነው። አባቷ ጄምስ ሂል የእህል ነጋዴና የቀድሞ የባንክ ባለቤት ሲሆን፣ የሮበርት ኦወንን የኅብረት ሥራ ሐሳብ ይደግፍ ነበር። እናቷ ካሮላይን ሳውዝዉድ ስሚዝ ስለ ሕፃናት ትምህርት የምትጽፍ መምህርት ነበረች። ኦክታቪያ የሚለው ስም በላቲን ስምንተኛ ማለት ሲሆን፣ ለአባቷ ስምንተኛ ሴት ልጅ በመሆኗ የተሰጣት ነው።

በ1840 አባቷ ከሰረ። ከዚያ በኋላ የአእምሮ ጤናው ስለታወከ ቤተሰቡን ማስተዳደር አልቻለም። እናትዬዋና ልጆቿ ኑሯቸውን የገፉት በአያታቸው በዶክተር ቶማስ ሳውዝዉድ ስሚዝ ድጋፍ ነበር። ይህ ሐኪም በለንደን የድሆች ሰፈሮች የሚዛመተውን የትኩሳት በሽታ ከቆሻሻና ከተጨናነቀ መኖሪያ ጋር አያይዞ ያጠና፣ ሕፃናት በማዕድን ጉድጓድ እንዳይሠሩም የታገለ ሰው ነው። ቤት፣ አየርና ጤና የተያያዙ መሆናቸውን ኦክታቪያ መጀመሪያ የተረዳችው ከአያቷ ነው።

ቤተሰቡ በ1852 ወደ መካከለኛው ለንደን መጣ። እናቷ ሥራ አጥ ሴቶች የሚረዱበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ኃላፊ ስትሆን፣ ኦክታቪያ ገና በ14 ዓመቷ አሻንጉሊት የሚሠሩ ድሃ ሕፃናትን እንድትመራ ተደረገ። ልጆቹ የሚኖሩበትን ቤት እየሄደች ስታይ፣ በጠባብና እርጥብ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ሰው ታጭቆ እንደሚያድር ተመለከተች። ትምህርት ቤት ገብታ መደበኛ ትምህርት አልተማረችም።

በዚያው ማኅበር ከታዋቂው የሥነ ጥበብ ጸሐፊ ከጆን ረስኪን ጋር ተዋወቀች። ረስኪን ሥዕሎችን እንድትገለብጥለት ቀጥሯት ለዓመታት አብራው ሠርታለች። ሌላው በሕይወቷ ትልቅ ቦታ ያለው ሰው የክርስቲያን ሶሻሊስቶች መሪ የነበረው ቄስ ፍሬደሪክ ዴኒሰን ሞሪስ ሲሆን፣ በ1856 እርሱ ባቋቋመው የሠራተኞች ኮሌጅ ለሴቶች የሚሰጠው ትምህርት ጸሐፊ ሆናለች።

የድሆች መኖሪያ ቤቶች

ረስኪን በ1864 ከአባቱ ብዙ ገንዘብ ወረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በሜሪለቦን ሰፈር ፓራዳይዝ ፕሌስ በሚባለው ጎዳና ላይ ሦስት ያረጁ ቤቶችን ገዝቶ አስተዳደሩን ለኦክታቪያ ሰጣት። የጎዳናው ስም ገነት ማለት ቢሆንም ቤቶቹ የተጎሳቆሉና ቆሻሻ የሞላባቸው ነበሩ። ረስኪን ያቀረበው ግዴታ አንድ ነው፤ ለቤቶቹ ካወጣው ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ እንዲያገኝ። ሥራው ወለድ የሚከፍል ከሆነ ሌሎች ባለሀብቶችም እንደሚከተሉ ያምን ነበር።

ኦክታቪያ የዘረጋችው አሠራር ቀላል ነበር። በየሳምንቱ እያንዳንዱን ቤት እየዞረች ራሷ ኪራይ ትሰበስባለች፣ ከተከራዮቹ ጋር ትነጋገራለች፣ ጥገና የሚያስፈልገውን ትመዘግባለች። ኪራይ ሳይከፍል የሚቆይ ተከራይ እንዲወጣ ይደረጋል። በሌላ በኩል ባለቤትም ግዴታ አለበት፤ ጣሪያ፣ ውኃና የቆሻሻ ማስወገጃ መጠገን አለባቸው። ከ5 በመቶው በላይ የሚተርፈው ገንዘብ ተከራዮቹ ለመረጡት ማሻሻያ ይውላል። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ በቤቶቹ ጥገና ላይ ተከራዮቹን ታሠራለች።

በ1866 ረስኪን ፍሬሽዋተር ፕሌስ የሚባሉ ተጨማሪ ቤቶች ገዛ። እዚያ ያለውን ባዶ ቦታ ኦክታቪያ ለልጆች መጫወቻ አደረገችው። ሥራው እየሰፋ ሄዶ በ1874 በ15 ስፍራዎች 3 ሺህ ያህል ተከራዮች በእርሷ አስተዳደር ሥር ነበሩ። በ1875 ያሳተመችው ስለ ለንደን ድሆች መኖሪያዎች የሚናገር መጽሐፍም ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሟል። ከ1884 ጀምሮ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪዎች በሳውዝዋርክ ያላቸውን ቤቶች ለእርሷ ሰጡ።

ኪራይ ሰብሳቢዎቿ በአብዛኛው እርሷ ያሠለጠነቻቸው ሴቶች ነበሩ። ሴቶች ከቤት ውጭ የሚሠሩት ሙያ ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ቤት ማስተዳደር ሥልጠና የሚጠይቅ የሴቶች ሙያ እንዲሆን አድርጋለች።

ከቤት ወደ ክፍት መሬት

ኦክታቪያ የተሻለ ቤት ብቻ ለድሃው እንደማይበቃው ታምን ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ የሚቀመጥበት፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት፣ በበዓል ቀን በእግር የሚንሸራሸርበት ንጹሕ አየር ያለበት ቦታ እንደ ቤት ሁሉ አስፈላጊ ነው ትላለች። ለንደን ግን በየዓመቱ እየተስፋፋች በዙሪያዋ ያለው ሜዳ በፍጥነት በቤት ይሸፈን ነበር።

የመጀመሪያ ዘመቻዋ በ1875 ስዊስ ኮቴጅ ፊልድስ የተባለውን ሜዳ ለማዳን ነበር። ሜዳው ከሜሪለቦን ድሆች ሰፈር በእግር የሚደረስበት የቅርብ ገጠር ነው። ሜዳውን ለሕዝብ ለመግዛት መዋጮ መሰብሰብ ጀመረች፤ ገንዘቡም ይገባ ነበር። ነገር ግን ባለቤቶቹ ሐሳባቸውን ለውጠው ሽያጩን ተዉት፤ ሜዳውም ለቤት መሥሪያ ዋለ። ለተሸናፊዋ ይህ ትልቅ ትምህርት ሆነ። ከለንደን ዙሪያ የቀረውን አረንጓዴ መሬት ሳይሠራበት ማቆየት እንደሚያስፈልግ ስትከራከር አረንጓዴ ቀበቶ የሚለውን አነጋገር መጠቀሟ ይነገርላታል። አነጋገሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ፕላን ሕግ ቃል ሆኗል።

እኅቷ ሚራንዳ ሂል በመሠረተችው የካይርል ማኅበር በኩልም ሠርታለች። ማኅበሩ ለድሆች ሰፈሮች ውበት ለማምጣት የተቋቋመ ሲሆን፣ በከተማው ውስጥ መቅበር የቆመባቸው አሮጌ የመቃብር ቦታዎች የሕዝብ አትክልት ቦታ እንዲሆኑ ጥሯል። በ1887 በሳውዝዋርክ የተከፈተው የሬድ ክሮስ አትክልት ቦታ የኦክታቪያ ሥራ ነው። የተቃጠለ የወረቀት ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ኩሬ፣ ዛፎችና አበቦች ተተከሉ፤ አጠገቡም የመሰብሰቢያ አዳራሽና አነስተኛ ቤቶች ተሠሩ። በሰሜን ለንደን የሚገኘው የፓርላመንት ሂል ሜዳ በ1889 ከሃምፕስቴድ ሂዝ ጋር ተቀላቅሎ ለሕዝብ እንዲሆን ከታገሉት መካከልም አንዷ ነበረች።

የዘወትር ትኩረቷ በሜዳዎች ላይ ብቻ አልነበረም። በኬንትና በሰሪ አውራጃዎች ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ የሚሄድባቸው የእግር መንገዶች በባለመሬቶች እንዳይዘጉ ታግላለች። በሕይወቷ መጨረሻ ዓመታትም በደቡብ ለንደን የዋንድል ወንዝ ዳርቻ ለእግረኞች ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚደረገውን ጥረት ደግፋለች። ከከተማው ተነሥቶ ወደ ገጠሩ የሚዘልቅ አረንጓዴ መንገድ ያስፈልጋል የሚለው የዛሬው ሐሳብ በዚህ ሥራ ውስጥ ይታያል።

የናሽናል ትረስት መመሥረት

በ1865 የወል መሬቶችን የሚጠብቅ ማኅበር በለንደን ተቋቁሞ ነበር። የወል መሬት ማለት ባለቤት ቢኖረውም የአካባቢው ሕዝብ ከብት የሚያሰማራበት ወይም ማገዶ የሚለቅምበት መብት ያለው መሬት ነው። ባለመሬቶች እንዲህ ያለውን መሬት በአጥር ሲከልሉ ማኅበሩ በፍርድ ቤት ይከራከራል። የማኅበሩ የሕግ ባለሙያ ሮበርት ሃንተር (1844–1913) በዚህ ሥራ ስሙ ገንኖ ነበር፤ የኤፒንግ ጫካን ክርክር ካሸነፉት አንዱ እርሱ ነው። ነገር ግን ማኅበሩ በፍርድ ቤት መከራከር እንጂ በራሱ ስም መሬት መያዝ አይችልም ነበር።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው በ1884 ነው። በዴትፎርድ የሚገኝ የአንድ ጥንታዊ አትክልት ቦታ ባለቤት ንብረቱን ለሕዝብ ሊሰጥ ፈልጎ የኦክታቪያን እርዳታ ጠየቀ። ስጦታውን ተቀብሎ ለዘለዓለም የሚይዝ አካል ግን አልተገኘም። ሃንተር በዚያው ዓመት በሕዝብ ስም መሬት የሚይዝ ኩባንያ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ኦክታቪያ በኩባንያ ፈንታ ትረስት የሚለውን ቃል መረጠች። ቃሉ በአማርኛ አደራ እንደምንለው ሲሆን፣ ሥራው የንግድ ሳይሆን የበጎ አድራጎት መሆኑን እንዲያሳይ ፈልጋ ነው። ሃንተርም ናሽናል ትረስት የሚለውን ስም በእርሳስ ጻፈበት። ይሁንና አዲሱ ድርጅት ለነባሩ ማኅበር ተፎካካሪ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ስለተነሣ ጉዳዩ ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ።

ሐሳቡን እንደገና ያስነሣው ቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ (1851–1920) ነው። ሮንስሊ በወጣትነቱ ከኦክታቪያ ጋር በለንደን ድሆች መካከል ሠርቷል። በኋላ በሰሜን እንግሊዝ ሐይቆች በሚበዙበት አውራጃ ቄስ ሆኖ፣ የባቡር ሐዲድ የሸለቆዎቹን ውበት እንዳያበላሽ የታገለ ሰው ነው። በ1893 በዚያ አውራጃ ያሉ ውብ ስፍራዎች ለሽያጭ ሲቀርቡ ሮንስሊ ወደ ለንደን መጣ። ሦስቱ በኖቬምበር 16 ቀን 1893 ተገናኝተው ድርጅቱን ለማቋቋም ወሰኑ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ1891 ቻርልስ ኤሊየት ያስጀመረው ተመሳሳይ ድርጅትም ምሳሌ ሆኗቸዋል። ናሽናል ትረስት በጃንዋሪ 12 ቀን 1895 በሕግ ተመዘገበ።

ሥራው ለሦስቱ እንደየችሎታቸው ተከፋፈለ። ሃንተር ሊቀ መንበር ሆኖ የሕጉን ጉዳይ ያዘ። ሮንስሊ ጸሐፊ ሆኖ አገር ለአገር እየዞረ ይሰብክ ነበር። ኦክታቪያ ደግሞ በቤቶች አስተዳደር ባፈራችው ስምና ትውውቅ ገንዘብ ታሰባስባለች። የመጀመሪያው መሬት በዌልስ ባርማውዝ ከባሕር በላይ ያለው ዲናስ ኦለይ የተባለ 4.5 ኤከር ተዳፋት ሲሆን፣ ፋኒ ታልቦት የተባለች ሴት በ1895 የሰጠችው ነው። በ1896 በአልፍሪስተን የሚገኘው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የቀሳውስት ቤት በ10 ፓውንድ ተገዛ። በ1902 በደርወንትዋተር ሐይቅ ዳር ያለው ከ100 ኤከር በላይ የሆነ የብራንደልሃው መሬት በ6,500 ፓውንድ ተገዝቶ ለሕዝብ ተከፈተ። ገንዘቡ የተገኘው ከሀብታሞች ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካ ሠራተኞች ትናንሽ መዋጮም ጭምር ነው።

በ1907 ሃንተር ያረቀቀው ሕግ በፓርላማ ጸደቀ። ሕጉ ድርጅቱ የማይሸጥ የማይለወጥ ብሎ የወሰነውን መሬት ማንም፣ ራሱ ድርጅቱም ቢሆን፣ እንዳይሸጥ ያደርጋል። የድርጅቱ ዋና ጉልበት እስከ ዛሬ ይህ ድንጋጌ ነው።

የግል ሕይወትና አመለካከት

ኦክታቪያ አላገባችም። በ1877 ከረስኪን ጋር ተጣሉ፤ ረስኪንም ጠቡን በራሱ መጽሔት ላይ አወጣው። ከሥራ ብዛት ጋር ተዳምሮ ይህ ስለጎዳት ለረጅም ጊዜ ታማ ከአገር ውጭ አረፈች። በዚያ ጊዜ የተዋወቀቻት ሃሪየት ዮርክ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ጓደኛዋና የሥራ ባልደረባዋ ሆነች። ከ1884 ጀምሮ በኬንት ክሮካም ሂል መንደር ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር።

ብዙ ሐሳቦቿ በዘመኗም ሆነ ከዚያ ወዲህ አከራክረዋል። መንግሥትና ማዘጋጃ ቤት ለድሆች ቤት መሥራታቸውንም ሆነ ለአረጋውያን ጡረታ መክፈላቸውን ተቃውማለች፤ እንዲህ ያለ እርዳታ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል ብላ ትሰጋ ነበር። ራሷ በሕዝብ ሥራ የገነነች ሆና ሴቶች በፓርላማ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ አልደገፈችም። ከ1905 እስከ 1909 የድሆች ሕግን የመረመረው የንጉሣዊ ኮሚሽን አባል ነበረች። ተቺዎች አሠራሯ በተከራዩ ሕይወት ውስጥ ከመጠን በላይ የሚገባ፣ የለንደንን የቤት ችግር ስፋት ደግሞ የማይመጥን ነበር ይላሉ። እርሷ ከሞተች በኋላ የብሪታንያ ድሆች ቤት በአብዛኛው የተሠራው እርሷ በተቃወመችው በማዘጋጃ ቤቶች መንገድ ነው።

ሞትና ቅርስ

የመጨረሻ ጥረቷ በክሮካም ሂል አቅራቢያ ያለውን የማሪነርስ ሂልን መሬት መግዛት ነበር። የቀረው ገንዘብ መሟላቱን የሰማችው ልትሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ነው። በኦገስት 13 ቀን 1912 በሜሪለቦን በ73 ዓመቷ አረፈች። ቤተሰቧ በዌስትሚንስተር አቢ እንድትቀበር የቀረበውን ሐሳብ ሳይቀበል ቀርቶ በክሮካም ሂል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ከሞተች ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በዌስትሚንስተር አቢ የመታሰቢያ ድንጋይ ተደርጎላታል።

በ1896 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በስሟ የቤቶች ማኅበር ተቋቁሟል። ያሠለጠነቻቸው ሴቶች የመሠረቱት የሙያ ማኅበርም ለዛሬው የብሪታንያ የቤቶች አስተዳደር ሙያ መነሻ ሆኗል። የተወለደችበት የዊዝቢች ቤት ሙዚየም ሲሆን፣ ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1898 የሠራው ሥዕሏ በለንደን ብሔራዊ የምስል ማዕከል ይገኛል። በ4.5 ኤከር ተዳፋት የጀመረው ናሽናል ትረስት አሁን ወደ 250 ሺህ ሄክታር መሬት የሚጠብቅ ሲሆን፣ አባላቱም ከ5 ሚሊዮን በላይ ናቸው።