አመሌ ነው አትበሉ
(ከቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሕይወት የምንማረው)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾም ሲገባ ብዙዎቻችን አንድ ነገር ለመተው እናስባለን። አንዱ መጠጥ፣ ሌላው ጫት፣ ሌላው ሐሜት፣ ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ስልክ ላይ ማፍጠጥ። ሳምንት ሳይሞላ ግን እንመለስበታለን። ለምን ሲሉን መልሱ ዝግጁ ነው። አመሌ ነው እንላለን፣ ዕድሌ ነው እንላለን፣ ሰይጣን አሳሳተኝ እንላለን። ሲብስም እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም እያልን የራሳችንን ጥፋት በአምላካችን ላይ እናላክካለን። ታዲያ ሰው በእጁ ምንም የለውም ማለት ነው? ነፃ ፈቃድ የሚባለውስ ስም ብቻ ነው?

በዚህ ጉዳይ ብዙ ከመከራከር የአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይሻላል። እርሱም ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ነው።

ያልመረጠውና የመረጠው

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ነው። መጻሕፍት ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ዘመን ይህ ስም ከግብፅ በስተደቡብ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በሰፊው ይሰጥ ነበር። ጸሊም ማለትም በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። በአንድ ባለሥልጣን ቤት ባሪያ ሆኖ ይኖር ነበር። ስንክሳር እንደሚነግረን እግዚአብሔርን አያውቅም፤ ፀሐይን ያመልክ ነበር።

እስኪ አስቡት። ባሪያ መሆንን ማን ይመርጣል? በሰው ቤት፣ በሰው ትእዛዝ፣ እውነተኛውን አምላክ የሚነግረው ሳይኖር መኖርን ማን ይመርጣል? ይህን ሁሉ ሙሴ አልመረጠውም። እኛም የተወለድንበትን ቤት፣ ያሳደጉንን ሰዎች፣ በልጅነታችን የደረሰብንን ነገር አልመረጥንም። ይህን ቤተ ክርስቲያን አትክድም። እግዚአብሔርም የእያንዳንዳችንን ሸክም ክብደት ያውቃል።

ነገር ግን ሙሴ የመረጠውም ነገር ነበር። ይሰርቅ ስለነበርና ጠባዩም ስላስቸገረ ጌታው ከቤቱ አባረረው። ሙሴም ግዙፍና ብርቱ ነበርና የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ዘረፈ፣ ደም አፈሰሰ።

የዚያን ዘመን መነኮሳት ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ420 ገደማ የጻፈው ጳላድዮስ አንድ ነገር መዝግቦልናል። አንድ ሌሊት የአንድ እረኛ ውሾች ሙሴን ከሐሳቡ አሰናከሉት። ሙሴም ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ በዋና ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተደብቆ ተረፈ። ሙሴ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። አራት ሙክቶች አርዶ በገመድ አስሮ እየጎተተ ወንዙን እንደገና በዋና ተሻገረ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ፈቃድ አላጣም። የሞላ ዓባይ እንኳ አላቆመውም! የጎደለው ፈቃዱን ወዴት እንደሚያዞረው ማወቅ ነበር። እኛስ? ለኪዳን ጸሎት መነሣት አልችልም የሚለው ሰው ለኳስ ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጥ የለም ወይ? ለክፉ ወይም ለከንቱ ነገር ስንት ነገር እንችላለን! ስለዚህ አልችልም ከማለታችን በፊት ጉልበታችን የት እያለቀ እንደሆነ እንጠይቅ።

አባቱ በር ላይ

ሙሴ ፀሐይን እያየ በልቡ ይጠይቅ ጀመር። እውነተኛው አምላክ ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። በአስቄጥስ በረሃ፣ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን በሚባለው ቦታ፣ እግዚአብሔርን የሚያውቁ መነኮሳት እንዳሉ ሰማና ወደዚያ ሄደ። አባ ኤስድሮስ ተቀበለው፤ ወደ ታላቁ አባ መቃርስም ወሰደው። አባ መቃርስ አስተምሮ አጠመቀው፤ አመነኮሰውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አስገዳጅ የለም። እግዚአብሔር ጠራው እንጂ አልጎተተው። ሙሴም ያንን የልብ ጥያቄ ችላ ብሎ ወደ ጓደኞቹ መመለስ ይችል ነበር። ነገሩ የጥሪና የመልስ ነው። ጥሪው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ መልሱ ደግሞ የሰው ነው።

ልማድ ሲታገል

አንዳንድ ሰው ንስሓ ከገባሁ በኋላ ፈተና ለምን መጣብኝ ብሎ ይደነግጣል። ሙሴም ደርሶበታል። የቀድሞው የዝሙት ልማድ በሐሳብም በሕልምም እየመጣ አስጨነቀው። አባ ኤስድሮስም ይህ ገና ጅማሬ ስለሆነ ነው ብሎ በምሳሌ አስረዳው። ሥጋ ቤት አጥንት መልቀም የለመደ ውሻ በአንድ ቀን ልማዱን አይተውም፤ በሩ ሲዘጋና የሚሰጠው ሲጠፋ ግን ርቦት ይሄዳል። ክፉ ሐሳብም እንዲሁ ነው። ውሻው በር ላይ መምጣቱ በእኛ እጅ አይደለም፤ አጥንት መወርወር አለመወርወር ግን በእኛ እጅ ነው። ነፃ ፈቃድ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሙሴ ግን ትግሉ ከበደው። አንድ ጊዜ ወደ አባ ኤስድሮስ መጥቶ ወደ በአቱ መመለስ እንደማይችል ነገረው። አያችሁ፣ ቅዱሱም አልችልም ብሎ ነበር! አባ ኤስድሮስ አልተቆጣውም። ወደ ሰገነት አውጥቶ በምዕራብ በኩል ለጦርነት የሚታወኩ አጋንንትን፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቁጥር የሌላቸው ብሩሃን መላእክትን አሳየው። ከእኛ ጋር ያሉት ከጠላቶቻችን እንደሚበልጡም ነገረው። ሙሴ ተጽናና፤ ወደ በአቱም በራሱ እግር ተመለሰ። አባ ኤስድሮስ ዓይኑን ከፈተለት እንጂ ተሸክሞ አላስገባውም።

ከዚያ በኋላ ሙሴ ጉልበቱን ለበጎ አዋለው። ሌሊት ሌሊት ሽማግሌ መነኮሳት ሳያዩት እንስራቸውን ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ ይሞላላቸው ነበር። ለዝርፊያ ዓባይን የዋኘው ጉልበት ለአረጋውያን ውኃ ቀጂ ሆነ። ጠላትም ቀናበት። አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አፍ አጎንብሶ ሳለ ጋኔን ወገቡን በዱላ መታው። ሲነጋ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ዓመት ያህልም ታመመ።

ያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ሌላ ትምህርት ሰጠው። ከአጋንንት ጋር ያለ ልክ መታገሉን እንዲተው፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርብ፣ ፈተናውም በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንደሚርቅለት ነገረው። በራሱ ገድል ብቻ እንዳሸነፈ ቆጥሮ እንዳይመካም አስጠነቀቀው። ሙሴም ሰላም አገኘ።

እንግዲህ ሁለት ገደል አለ። አንዱ አልችልም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሌላው እኔው በራሴ እችላለሁ ብሎ መኩራት ነው። ሙሴ ከሁለቱም ተጠብቆ አለፈ። ፈቃዱን ሰጠ፤ ኃይሉን ግን ከእግዚአብሔር ተቀበለ።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 13 ላይ ክፋትን የለመዱ ሰዎች መለወጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ሲያስረዳ የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጉርጉርነት ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል። የሙሴም መልክ እስከ ሞቱ ድረስ ጥቁር ነበር፤ መለወጥም አላስፈለገውም፤ መልክ ኃጢአት አይደለምና። የተለወጠው እንደ መልክ አይለወጥም የተባለው ልማዱ ነው። ለሰው የሚከብደው ለእግዚአብሔር አይከብድም።

የመጨረሻው ምርጫ

ሙሴ ቅስና ተቀበለ፤ የብዙ ደቀ መዛሙርትም አባት ሆነ። አንድ ጊዜ ጥፋት በሠራ መነኩሴ ላይ ለመፍረድ ሲጠሩት የሚያፈስ ማድጋ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደመጣ በዚህ አስተማራቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት። ከልማድ ጋር የታገለ ሰው በወደቀ ወንድሙ ላይ አይጨክንም።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበርበር ወራሪዎች ወደ ገዳሙ መጡ። ሙሴ አብረውት ለነበሩት ወንድሞች መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ነገራቸው። እርሱ ግን ጌታ በጌቴሴማኒ ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች የተናገረው ቃል እንዲደርስበት ለብዙ ዓመታት ይጠብቅ እንደነበር ገለጠላቸው። እነርሱም አንሸሽም ሲሉት፣ ይህ የእርሱ ጉዳይ እንዳልሆነና እያንዳንዱ ለራሱ እንዲያስብ መለሰላቸው። በሞት ፊት እንኳ የማንንም ፈቃድ አልነጠቀም!

ወራሪዎቹ ገብተው ገደሏቸው። አንዱ ወንድም ከሰሌን ኋላ ተደብቆ ነበር። አክሊል የያዘ መልአክ ባየ ጊዜ ግን ወዶ ወጣና እርሱም ተሰየፈ።

ሙሴ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ማወቁ ግን እግሩን አላሰረውም። መንገዱ ክፍት ነበር። የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅም እንዲሁ ነው። ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ከታች ያለው መኪና ወዴት እንደሚታጠፍ ቢያይ መሪውን የያዘው ሾፌሩ እንጂ እርሱ አይደለም። እግዚአብሔር ነገአችንን ያውቃል፤ መሪውን ግን ለእኛ ሰጥቶናል።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጾም የፈቃድ ልምምድ ነው። ሥጋና ወተት ክፉ ስለሆኑ አይደለም የተውናቸው። ለተፈቀደው ነገር ቆይ ማለትን የለመደ አንደበት ላልተፈቀደው እምቢ ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ በዚህ ጾም አንድ በር እንዝጋ፤ ለውሻው አጥንት አንወርውር። ብንወድቅ ወደ ንስሓ አባታችን እንሂድ፤ ሙሴም ወደ አባ ኤስድሮስ የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ወደ ቅዱስ ቁርባንም እንቅረብ። አመሌ ነው ማለትን ግን እንተው። አመል ይለወጣል፤ ሙሴ ምስክር ነው።

የአባታችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።