ስለ ወንድሞች ፍቅር፤ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወለደ፤ የልጅነት ስሙም ሒካ ነበረ፤ ይኸውም በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ተነጥቆ ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታም ተላለፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 በምፅዋ ነጻ ወጣ፤ በዚያም በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። በ1872 ተጠምቆ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ይህም ጌታው ፊልሞና እንደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ጳውሎስ የለመነለት የባሪያ ስም ነው።

ከዚህም በኋላ በስዊድን አገር 5 ዓመት ተማረ፤ ነገር ግን ለራሱ ዕረፍትን አልፈለገም። ወገኖቹ የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ቋንቋቸው ይሰሙ ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የሥራ ባልንጀራው ሆና ቃላትን እየሰበሰበች ረዳችው። መጽሐፉም በ1899 ታተመ።

በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሰ። በ1906 ቀሳውስት ከሰሱት፥ እንዳይሰብክም ተከለከለ። እርሱ ግን አገሩን ትቶ አልሄደም፤ በ1916 ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በነቀምት ልጆችን በትዕግሥት ያስተምር ነበር። በ1931 ዐረፈ።

ከቡራዩ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ነቀምት ይደርሳል። በቡራዩ፥ በሰበታና በሱሉልታ የምትኖሩ ምእመናን ሆይ፥ በመካከላችሁ አንዱ በአማርኛ፥ ሌላው በኦሮምኛ ይጸልያል። ወንድሙን ስለ ቋንቋው ወይም ስለ ትውልዱ የሚንቅ ሰው ፍቅሩ የአፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ከጸሎት ቤት ስንወጣ በሌላ ቋንቋ የጸለየውን ወንድም ወደ ቤታችን እንጥራው፤ ከማዕዳችንም እናስቀምጠው።