የልጃቸው ደብዳቤ ባሕር ያሻገራቸው ሽማግሌ

ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ስኮትላንዳዊ ቄስና የቤተሰባቸውን ታሪክ ነው። ቄስ ኖርማን ማክላውድ ይባላሉ፤ ካረፉ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ማንበብ የጀመርኩት እንዲያው እንቅልፍ እስኪወስደኝ ብዬ ነበር። ሰውየው ግን እንደኛው ስደተኛ ሆነው ሳገኛቸው፣ ያውም ደጋግመው የተሰደዱ፣ መጽሐፉን ሳልጨርስ አልተኛሁም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የተወለዱት በ1780 በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ፣ አሲንት በምትባል ድንጋያማ የባሕር ዳር አገር ነው። ሰዉ ትንሽ እያረሰ፣ ዓሣ እያጠመደ ይኖራል፤ መሬቱ ግን የባላባት ነው። በእሳቸው ዘመን ባላባቶቹ በግ ማርባት ይሻለናል ብለው ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅሉ ጀመር። ቤተ ክርስቲያናቸው ፕሬስቢቴሪያን ትባላለች፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ የምትመራ ፕሮቴስታንት ናት። ሆኖም በመንግሥት በታወቀችው ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያውን ቄስ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ያው ባላባቱ ነበር። ኖርማን ይህን አልተቀበሉም። አበርዲን ተማሩ፣ ኤድንብራ ደግሞ የክህነት ትምህርት ጀምረው ትተው ወጡ። ከዚያ ኡላፑል በምትባል ከተማ አስተማሪ ሆነው ሳሉ በራሳቸው ሲሰብኩ ከአጥቢያው ቄስ ጋር ተጣሉ፤ ደመወዛቸውም ቀረ። ደመወዝ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

እንግዲህ ዓሣ አጥምደው የመርከብ ዋጋ አጠራቀሙና በ1817 ኖቫ ስኮሺያ ገቡ። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ዛሬ የካናዳ ክፍል ናት። በመንገድ ላይ መርከቧ ውኃ ማስገባት ስትጀምር ካፒቴኑ እንመለስ ሲል እሳቸው ወደፊት ይቀርባል ብለው ተከራከሩ ይባላል። ሚስታቸው ሜሪ ልጆቹን ይዛ የደረሰችው ከዓመት በኋላ ነው።

እዚያም ብዙ አልቆዩም። ተከታዮቻቸው ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ እንሂድ ብለው በገዛ እጃቸው መርከብ ሠሩ። ጎረቤት ሳቀባቸው፤ የኖኅ መርከብ አላት፤ ስሙም በዚያው ቀረላት። መርከቧ ግን ኦሃዮ አልደረሰችም። ኬፕ ብሬተን ደሴት ላይ ሴንት አንስ የሚባለውን ወደብ ሲያዩ ቦታውን ወደዱት፣ በ1820 ቤተሰቦቹ እዚያ ሰፈሩ። ኖርማን ሰባኪም፣ አስተማሪም፣ ዳኛም ሆኑ። ቅስናውን ያገኙት ዘግይተው ነው፣ በ1827፣ ያውም ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ሰውየው አናደዱኝ። በጣም ጨካኝ ነበሩ። የሰውን ስም እየጠሩ ከመድረክ ይገሥጻሉ። የገዛ ሚስታቸውን ሳይቀር ያማረ ባርኔጣ አደረግሽ ብለው በሰው ፊት አዋረዷት ይባላል። ሌባ ነው የተባለ አንድ ልጅ በእሳቸው ፍርድ የጆሮው ጫፍ ተቆረጠ፣ ልጁ ግን ንጹሕ ነበር ተብሎም ይተረካል። ታዲያ ሕዝቡ ለምን ተከተላቸው? ብዙ አሰብኩበት። ለእኔ የሚመስለኝ፣ ከእሳቸው ጋር የሄደ ሰው ብቻውን አይሄድም። ወንድሙ፣ አማቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሚጸልይበት የጌሊክ ቋንቋው፣ ሁሉም አብሮት ይጫናል። እኛ አንድ አንድ ሆነን በኤርፖርት ነው የወጣነው።

በ1847 እና በ1848 የድንች በሽታ ገባና ረሃብ ሆነ። በዚያው ሰሞን ለዓመታት ድምፁ የጠፋው ልጃቸው ዶናልድ ከአውስትራሊያ፣ ከአደላይድ ደብዳቤ ላከ። አገሩ ደግ ነው፣ አየሩም ይስማማል የሚል ነበር። ሞቷል ሲባል የኖረ ልጅ ደብዳቤ ሲመጣ እናት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ እንደገና መርከብ ይሠራ ጀመር። በጥቅምት 1851 ማርጋሬት የተባለችው መርከብ 140 ያህል ሰው ይዛ ተነሣች። ቄስ ኖርማን የ71 ዓመት ሽማግሌ ናቸው! ኬፕ ታውን አርፈው በሚያዝያ 1852 አደላይድ ደረሱ፣ አምስት ወር ከምናምን ባሕር ላይ።

ዶናልድ ግን አልነበረም። ወደ ሜልቦርን ሄዷል። ተከተሉት። ሜልቦርን ያን ጊዜ በወርቅ ፈላጊ ተጥለቅልቃ ሰው በድንኳን የሚያድርባት ናት፤ ቤት የለም፣ ሁሉ ነገር ውድ ነው። ተስቦ ገባና ከልጆቻቸው ሦስቱ ሞቱ። ሜሪ ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጣ የመጣችው ሦስት ልጆቿን ለመቅበር ሆነ። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ጊዜ አልተናደድኩባቸውም።

ከዚያ ኖርማን ለኒው ዚላንድ ገዥ ለሰር ጆርጅ ግሬይ ጻፉ፤ የጠየቁት ሕዝቡ ሳይበታተን አንድ ላይ የሚሰፍርበት መሬት ነው። በ1853 ኦክላንድ ተሻገሩ፣ በ1854 ዋይፑ ላይ መስፈር ጀመሩ። መሬቱ የማኦሪ ሕዝብ ነበር፣ መንግሥት ከእነሱ ገዝቶ ነው የሰጣቸው። ከዋይፑ ደግሞ ወደ ኬፕ ብሬተን ደብዳቤ ሄደ፤ አንዱ ደብዳቤ ሌላውን መርከብ እየጠራ እስከ 1860 በስድስት መርከብ ከ800 በላይ ሰው መጣ።

ሜሪ በ1857 አረፈች። እሳቸው እየሰበኩ ቆይተው መጋቢት 14 ቀን 1866 በ85 ዓመታቸው ዋይፑ ላይ አረፉ። የልጅ ልጆቹ ዘር ዛሬም እዚያው አለ፤ ከ1871 ጀምሮ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ተሰብስበው የአባቶቻቸውን የስኮትላንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። የመርከቦቹን መታሰቢያ ደግሞ ከድንጋይ አቁመውላቸዋል።