ትምህርት አልገባ ያለው ሕፃን፦ ቅዱስ ያሬድ

ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰን ከኤዶም ገነት የተላኩት ሦስቱ አዕዋፍና በዐፄ ገብረ መስቀል ጦር የተወጋው እግሩ ነው። እኛ ግን ዛሬ ከዚያ በፊት ወደ ነበረው፣ ትምህርት አልያዝ ብሎት ወደ ተጨነቀው ብላቴና እንመለሳለን።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስላረፈ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። መምህሩ ሊቅ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ግን መዝሙረ ዳዊትን መያዝ ተሳነው። ባልንጀሮቹ እያለፉት ሲሄዱ እርሱ የተነገረውን ይረሳል። መምህሩም በበትር ቀጣው። ግርፋቱ በጸናበት ቀን ያሬድ ትምህርቱን ትቶ ወደ መደባይ ወለል ኮበለለ። (በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ ፈገግ የሚሉት የራሳቸው የሽሽት ቀን ትዝ ቢላቸው ይሆናል።)

ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት በግንዱ ስትወጣ፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ ተመለከተ። በትር ያላስተማረውን ይህች ትል አስተማረችው ብንል ከታሪኩ አንርቅም። የቀጣው ሳይኖር በራሱ ፈቃድ ተመልሶ አጎቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ አባ ጌዴዎንም ተቀብሎ እንደ ገና ያስተምረው ጀመር። ብላቴናው ወደ እግዚአብሔር አልቅሶ በጸለየ ጊዜ ልቡናው ተከፈተለት፤ ብሉያትንና ሐዲሳትን ፈጽሞ ዲቁና ተቀበለ፤ አጎቱ ሲያርፍም በወንበሩ ተተካ። አባ ጌዴዎን ያንን የኮበለለ ልጅ ደካማ ነው ብሎ ከደጅ መልሶት ቢሆንስ? ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ድምፅህ አይሆንም ተብለው ከመዝሙር ሰልፍ የወጡ ሕፃናትን ስናይ ይህ ጥያቄ ያሳስበናል።

በግእዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ የደረሰው ዜማ፣ ድጓውም ዝማሬውም፣ የተላለፈው በዋናነት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይቀጽላል፤ ሲስት ይታረማል፤ ያንኑ ይደግማል፤ ሲበረታም ለታናሹ ያስቀጽላል። ይህ መንገድ ሁሉን አንድ ዓይነት የሚያደርግ ይመስላል፤ እኛ ግን እንደዚያ አላየነውም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓን ምልክት ከሠሩም በኋላ እንኳ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የየራሳቸውን ይትበሃል ጠብቀዋል። ዜማውን በቃሉ ያጸና ደቀ መዝሙር በማሕሌት መካከል ተነሥቶ ሲመራ አይፈራም፤ ቃናውም የራሱ ነው።

ቅዱስ ያሬድ ንጉሡን አሰናብተኝ ብሎ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በዚያም በጾምና በጸሎት ተወስኖ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምር ኖረ፤ ቤተ ክርስቲያንም ግንቦት 11 ቀን የተሰወረበትን በዓል ታከብራለች። በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።